የባዶ ወገቧ ልጅ በቀል

«ወገብሽ የት አለ?»

አሥራ ሁለት በሽተኞች ፊት ነው እንዲህ ያለኝ። አጎንብሼ አየሁ። የጎደለ ነገር አልታየኝም።

ጥቁር ሱሪ፣ እጅጌው ከክርን በላይ የቀረ ነጭ ሸሚዝ፣ የተዘጋ ጫማ። ሰዓት አላሰርኩም፣ ቀለበት አላደረግኩም፣ ፀጉሬን ሰብስቤ አስሬዋለሁ። ኒውዚላንድ፣ ዱነዲን ከተማ ያለው የሕክምና ትምህርት ቤቴ ሐኪሞችን እያየ የሚለማመድ ተማሪ ምን መልበስ እንዳለበት በዘጠኝ ነጥብ ጽፎ ሰጥቶኛል። ዘጠኙንም አሟልቼ ነበር የመጣሁት።

«አልገባኝም፣ ዶክተር» አልኩት።

ዶክተር ማናሴ ረጅም ነው። ከነጭ ጋዎኑ ሥር ሽርጥ አገልድሞ፣ በላዩ ላይ ጠባብ የወገብ ሰሌን ታጥቋል። ነርሶቹም ረጅም ቀሚስ ለብሰው ከቅጠል የተጎነጎነ መቀነት አስረዋል። ያኔ ትዝ አለኝ። ቶንጋ ውስጥ ወገቡን ሳይታጠቅ ሰው ፊት የሚቆም ሰው፣ ፊቱን ሳይታጠብ እንደመጣ ነው። ከዚህች ከቫቫኡ ደሴት የወጣሁት በሰባት ዓመቴ ነበር፤ ረስቼዋለሁ።

አራተኛው አልጋ ላይ ያሉ አንዲት አሮጊት ቀና አሉ።

«ለዓሣ ነው እንዴ የመጣችው? መረቧን የት ጣለችው?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ማናሴ አሮጊቷን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ።

«ውጪ» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ታጥቀሽ ስትመጪ ትገቢያለሽ።»

ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ጆሮዬ እስኪግል ድረስ ሳቃቸውን ሰማሁ። በዚህች ደሴት ሐኪም ሆኜ መኖር እችል እንደሆነ ልሞክር ነበር የመጣሁት። መልሱን በአምስት ደቂቃ ሰጡኝ። እዚያው ቆሜ ማልኩ... ልምምዱ ስድስት ሳምንት ነው። ከመሄዴ በፊት ይህን ሰው፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ልክ እንደዚህ አስወጣዋለሁ።

የማርፈው አክስቴ ፉሲ ቤት ነበር፤ የአባቴ እህት ናት። ስነግራት ደረቷን ያዘች።

«በሱሪ? ያለ መቀነት? አባትሽ ምን ሲያስተምርሽ ነው የኖረው?»

«ዱነዲን ብርድ ነው፣ አክስቴ። እዚያ ሰው የሚሸፍነው ጆሮውን እንጂ ወገቡን አይደለም።»

«በይ ዝም በይ፤ ሆድሽን ሳቢ።»

የራሷን መቀነት አንሥታ ትንፋሽ እስኪያጥረኝ አሰረችልኝ። በማግስቱ በረጅም ቀሚስና በመቀነት ገባሁ። አሮጊቷ ከላይ እስከ ታች አዩኝና «መቀነቱ የሰው ነው» አሉ። ስማቸው እማማ ኤሌኖአ ይባላል። ልባቸው ደክሞ ሐኪም አይነሡ ብሏቸዋል። ቢሆንም ከጠዋት እስከ ማታ ቅጠል ይጎነጉናሉ፤ ከጠዋት እስከ ማታም ይሳደባሉ። «አንቺ ባዶ ወገብ፣ ውኃ አምጪ!» ይሉኛል። ውኃውን እሰጣቸዋለሁ። በቀሌ ላይ እሳቸውንም ጨመርኳቸው።

መሣሪያዬ ኪሴ ውስጥ ነበር። ትምህርት ቤቴ የሰጠኝ ወረቀት ስድስተኛ ነጥብ «ወደ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል የተጎነጎነም ሆነ የተንጠለጠለ ነገር ይዞ መግባት ክልክል ነው» ይላል። የሆስፒታሉም ሕግ ይኸው ነው፤ ሁሉም ሰው በሩ ላይ መቀነቱንና ሰሌኑን ፈትቶ ሚስማር ላይ ይሰቅላል። ማናሴም እንደዚያው። አንድ ቀን እስኪረሳ ጠበቅኩት።

ችግሩ፣ እየጠበቅኩት ለመድኩት።

አንድ ጠዋት ገና ሁለት ቀን የሆናት ሕፃን ደረት ላይ ማዳመጫውን አስቀምጦ ጫፉን ጆሮዬ ውስጥ ከተተልኝ።

«ምን ሰማሽ?»

«እየሮጠ ነው።»

«ከማን እየሸሸ?»

«ከአንተ ይሆናል።»

ሳቀ። ሲስቅ ዓይኑ ይጠባል። በዕረፍት ሰዓት የዳቦ ፍሬ የሚሉትን የተጠበሰ የዛፍ ፍሬ ከፍሎ ትልቁን ግማሽ ይሰጠኝ ጀመር። እኔም እየበላሁ እጠላዋለሁ... ወይም እጠላዋለሁ ብዬ እበላለሁ። ቤት ስገባ ወረቀቱን አውጥቼ ስድስተኛውን ነጥብ አነባለሁ፤ ቂሜ እንዳይበርድብኝ።

አንድ ቀን ጠየቅኩት። «የመጀመሪያ ቀን ለምን እንደዚያ አዋረድከኝ?»

«አንድ ቀን እነግርሻለሁ።»

«አሁን ንገረኝ።»

«እሷ እየሰማች?» አለና በአገጩ ወደ አራተኛው አልጋ አመለከተኝ። ያሾፈብኝ መሰለኝ። ቂሜ እንደገና ሞቀ።

በአምስተኛው ሳምንት ከአንዲት ነርስ ጋር ራቅ ወዳለች ደሴት ለክትባት ሄድኩ። አራት ቀን ቆየን። ማክሰኞ ጠዋት ጀልባው ሲያደርሰን ቤት ሳልገባ ቀጥታ ሆስፒታል ሮጥኩ፤ ተማሪዎቿን ልታይ ፕሮፌሰር ሃርዲንግ ከዱነዲን የምትመጣበት ቀን ነበር። በአራተኛው አልጋ በኩል ሳልፍ አንሶላው ተነጥፎ ባዶ ነው። ወደ ቤታቸው የተሸኙ መሰለኝ። ተገላገልኩ አልኩ በልቤ።

ፕሮፌሰሯ፣ ሁለት ነርሶችና እኔ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ውስጥ ቆመን ሳለ ማናሴ መጣ።

ፀጉሩን ተላጭቷል። ከጉልበቱ እስከ ደረቱ ሰፊ፣ አሮጌ፣ ጫፉ የተበጣጠሰ ሰሌን ተጠቅልሏል። በእጁ በጨርቅ የታሰረ ነገር ይዟል። በሚስማሩ በኩል አለፈ፣ ደጃፉን ተሻገረ።

«ላቪኒያ...» ብሎ ስሜን ጠራ።

ወረቀቱን አወጣሁ። ስድስተኛውን ነጥብ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጮክ ብዬ አነበብኩለት።

«ውጣ፣ ዶክተር» አልኩት። «ፈትተህ ስትመጣ ትገባለህ።» አልበቃኝም። «ደግሞ ለእንግዳ ያልተቀደደ ሰሌን አታጣም ነበር።»

ማንም አልሳቀም። አንዷ ነርስ አፏን በእጇ ያዘች። ማናሴ ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ።

«ትክክል ነሽ» አለ፤ ወደ ኋላው ተራምዶ ወጣና ሄደ። አልተመለሰም።

ፕሮፌሰሯ ትከሻዬን ነካ አድርጋ «ለዚህ ድፍረት ያስፈልጋል» አለችኝ። አልዋሻችሁም፤ ጣፈጠኝ። ቤት እስክገባ ድረስ ጣፈጠኝ።

አክስቴ ጥቁር ለብሳ፣ ሰሌን ታጥቃ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ማን ሞተ?»

«ኤሌኖአ ናታ፤ ቅዳሜ። የማናሴ የአባቱ እህት።»

በሩን ተደገፍኩ።

«አንቺ ልጅ፣ እኔ አንድ ነገር አድርጊ ብልሽ እምቢ ትዪኛለሽ?» አለችኝ።

«እንዴት ብዬ?»

«እሱም አይልም፤ ለአባት እህት እምቢ አይባልም። ያን ቀን ኤሌኖአ፣ በሽተኞቹ መታየት ከመጀመራቸው በፊት፣ በመስኮት ስትመጪ አይታሽ፣ "ያችን ባዶ ወገብ ካላስወጣሃት ተነሥቼ በገዛ እጄ አወጣታለሁ" አለችው። ልቧ ደግሞ ያ ነው፤ ብትነሣ እዚያው ትቀርበት ነበር።»

«ሰሌኑስ? የተቀደደው?»

አክስቴ ሞኝ እንደሚታይ አየችኝ። «ለአባቱ እህት የሚያለቅስ ሰው አዲስ ሰሌን ታጥቆ ነው እንዴ የሚያለቅሰው? ያ እኮ ከሁሉ በታች ነኝ ማለት ነው።»

ወሬው ከእኔ ቀድሞ እንደገባ ከፊቷ ገባኝ። ጥቁር ቀሚስ ሰጠችኝ፤ ለበስኩና ወጣሁ።

ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ማናሴን አላገኘሁትም። የወንድም ልጅ ሐኪምም ቢሆን በአክስቱ ለቅሶ ቦታው ጓሮ ነው። እሳቱ ዳር ተቀምጦ ጎደሬ ይልጣል። አጠገቡ ተቀመጥኩና ቢላ አነሣሁ። ሦስት ጎደሬ ላጥኩ።

«ወፍራም ነው የምትልጪው» አለ።

«አላወቅኩም ነበር፣ ማናሴ።»

«ሕጉ ግን ልክ ነው። ለቅሶው አደንዝዞኝ ሳልፈታ ገባሁ። ለሕፃናቱ ስትይ ብታስወጪኝ ኖሮ አመሰግንሽ ነበር።»

«ለሕፃናቱ ብዬ አልነበረም።»

«አውቃለሁ። አምስት ሳምንት ሙሉ ኪስሽን ስትነካኪ አይቻለሁ።»

በጭሱ ላሳብብ ብዬ ዓይኔን ጠረግኩ።

«በለቅሶ ቀን ለምን መጣህ?» አልኩት።

በጨርቅ የታሰረውን ነገር ከጎኑ አንሥቶ ጭኔ ላይ አስቀመጠው። ፈታሁት። መቀነት ነው። በቀኝ በኩል ያለው ጉንጉን እስከ ጉልበት ይወርዳል፤ በግራ በኩል ያለው ግማሽ ላይ ቆሟል።

«ዓርብ ማታ አክስቴ ሳትጨርሰው ሰጥታኝ "ቶሎ ለባዶ ወገቧ ስጣት፤ የሰው መቀነት ታጥቃ ስትንቀዋለል ማየት ሰልችቶኛል" አለችኝ» አለ። «ከጀልባ መውረድሽን ስሰማ ይዤው ሮጥኩ። ብዘገይ ከሞት ተነሥታ ትመጣብኛለች ብዬ ፈራሁ።»

እያለቀስኩ ሳቅኩ። እሱም ዓይኑ ጠበበ።

«አሁን ተራው ያንተ ነው» አልኩት። «የፈለግከውን ቅጣኝ።»

የሚልጠውን ጨርሶ ውኃው ውስጥ ጣለ።

«ተምረሽ ስትጨርሺ ተመልሰሽ ነይ» አለኝ። «ቅጣትሽ እሱ ነው። እዚህ፣ ከእኔ ጋር፣ ዕድሜ ልክሽን።»

ከሳምንት በኋላ ስሄድ የልምምድ ምዘና ቅጼን አሽጎ ሰጠኝ። አውሮፕላን ውስጥ ከፈትኩት። «አለባበስ» የሚለው ፊት ለፊት፣ በእጅ ጽሑፉ፣ «እንከን የላትም» ይላል። ካደረግኩበት በደል ሁሉ በላይ ልቤን የወጋው ይህ ነው። እስከ ዱነዲን ድረስ አለቀስኩ።

ሁለት ዓመት ፈጀብኝ፤ ግን ቅጣቴን ልቀበል ተመለስኩ። የሠርጋችን ቀን የታጠቅኩት ያንን መቀነት ነው። አክስቴ ፉሲ ግራውን ልትጨርስልኝ ብትለምነኝም እምቢ አልኳት፤ በሕይወቴ እምቢ ያልኳት ያን ቀን ብቻ ነው።

ባለፈው ሰኞ አንዲት ተማሪ ከኦክላንድ መጣች። ጥቁር ሱሪ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ባዶ ወገብ። በሽተኞቹ መሳቅ ሲጀምሩ ማናሴ ወደ እኔ ዞረ። መሳቢያዬን ከፍቼ መቀነት አወጣሁና ልጅቷን ወደ ጥግ ወስጄ አሰርኩላት።

«አክስቴ ኤሌኖአ ብታይሽ ምን ትልሽ ነበር?» አለኝ ማናሴ ከኋላዬ።

«የሰው መቀነት ነው ይሉ ነበር።»

እኔ እሳቸውን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳቸውም። አዋርደውኝ፣ ድረውኝ፣ መልስ ሳልሰጣቸው ሞቱብኝ።