የእማማ ሙሉመቤት ቤሳ

ሽታዬ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ቤታቸው ሶዶ፣ ከገበያው በታች ባለው ቁልቁለት ላይ ነበር። ይህ የሆነው በ1954 ዓ.ም. ነው፤ እኔም ያኔ ማስተማር ገና መጀመሬ ነበር።

አንድ ቀን ገበያው ሲበተን ሽታዬ በሸማኔዎች ተራ ስታልፍ አንድ ክብ ነገር ረገጠች። አንሥታ አፈሩን ጠረገችው። ድሮ የቀረ የመዳብ ገንዘብ ነው፤ ትልልቆቹ "ቤሳ" ይሉታል። ጽሕፈቱ ተፍቆ አይነበብም።

ትንሽ እንደሄደች እማማ ሙሉመቤትን አየቻቸው። ለሸማኔዎች ቀይ የጥለት ክር የሚሸጡ አሮጊት ናቸው። ጎንበስ ብለው መሬቱን በእጃቸው ይዳብሳሉ።

"ልጄ፣ ቤሳዬ ወድቃብኝ ነው። አላየሻትም?"

ሽታዬ እጇን ጨበጠች። እንዲህ የሚፈለግ ነገርማ ብዙ ብር ቢያወጣ ነው ብላ አሰበች።

"አላየሁም፣ እማማ" አለች።

ልጆች፣ ውሸት ስንናገር ልባችን ወዲያው ያውቃል። የሽታዬም ልብ ዐውቋል። እግሯ ግን ወደ ቤት ሮጠ።

በማግሥቱ ባለ ሱቁ ጋሽ ሐብተማርያም ዘንድ ሄደች።

"ጋሼ፣ ይኼ ስንት ያወጣል?"

ገልበጥ አድርገው አዩት። "ምንም። በዚህ ክብሪት እንኳን አልሸጥልሽም።"

ሽታዬ አላመነችም። ወደ ቀጥቃጩ ወደ ጦና ሄደች።

"ባቀልጠው አንድ ቀጭን ቀለበት ይወጣዋል" አላት። "ከፈለግሽ አምስት ሳንቲም ልስጥሽ።"

አምስት ሳንቲም? ታዲያ እማማ ሙሉመቤት ያን ሁሉ መሬት የዳበሱት ለአምስት ሳንቲም ነው? ሽታዬ ግራ ገባት። ሳትሸጠው ተመለሰች።

እሑድ ከሰንበት ትምህርት በኋላ እኔ ዘንድ መጣች።

"መምህር፣ ሰው ዋጋ የሌለውን ነገር ለምን ይፈልጋል?"

ጥያቄው አልገባኝም። ቤሳውን ስታሳየኝ፣ "አሮጌ ነው፤ ዋጋውን አላውቅም" አልኳት። ከየት አገኘሽው ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኋትም። ይህ የእኔ ጥፋት ነው። ሽታዬም ስትመጣ ከነበረው ይበልጥ ግራ ተጋብታ ሄደች።

በሚቀጥለው ገበያ እናቷ ጨው ግዢ ብለው ላኳት። በሸማኔዎች ተራ ስትደርስ ጭቅጭቅ ሰማች። እማማ ሙሉመቤት ሚዛናቸውን አንሥተዋል። በአንዱ ወገን ቀይ ክር አለ፤ በሌላው ወገን ጠጠር። ሸማኔው ኤርካሎ ፊቱን አጥቁሮ ቆሟል።

"እማማ፣ ሃያ ዓመት በቤሳዋ ሲመዝኑልኝ ጎድሎብኝ አያውቅም። ዛሬ በጠጠር? ጠጠር እኮ ማንም ያነሣል።"

"ጠፋችብኝ፣ ልጄ።"

"እንግዲያው ስትገኝ እመጣለሁ" አለና ሄደ። ሁለት ሸማኔዎችም ተከተሉት። እማማ ሙሉመቤት ክሩን መልሰው ጠቀለሉ።

የሽታዬ ጉንጭ እንደ እሳት ጋለ። ከቀሚሷ ጫፍ ቋጠሮውን ፈታችና ቤሳዋን አቀረበች።

"እማማ፣ ያን ቀን እጄ ውስጥ ነበረች። ዋሸሁዎት።"

ሽታዬ ይመቱኛል ብላ ጠበቀች። አልመቷትም። ለምን እንዳልመቷትም አልገባትም።

"ለሸማኔዎቹም ንገሪያቸው" አሉ ቀስ ብለው።

ይህ ከዱላ ይከብዳል፤ አይደል ልጆች? ሽታዬ ግን ቤሳዋን ይዛ ሮጣ ደረሰችባቸው። "እኔ ነኝ የወሰድኳት፤ እማማ አላጎደሉም" አለች።

ኤርካሎ ቤሳዋን በመዳፉ ከፍ ዝቅ አደረጋት። "እርሷ ናት" አለ። ተመልሶም እማማ ሙሉመቤት ፊት ቁጢጥ ብሎ ይቅርታ ጠየቃቸው። ክሩን በቤሳዋ መዘኑለት።

ሽታዬ ግን አሁንም አንድ ነገር ከነከናት።

"እማማ፣ ቤሳዋ ስንት ታወጣለች?"

"እኔ እንጃ፣ ልጄ" አሉ እማማ ሙሉመቤት። "ሸማኔዎቹ የሚያምኑኝ በእርሷ ነው። ይህን ደግሞ ማን ይሸጣል?"

ከዚያም ልጅቷን አጠገባቸው አስቀመጧት። ሽታዬ ገበያው እስኪበተን ድረስ ክር ስትጠቀልልላቸው ዋለች።

ልጆቼ፣ የሰው ነገር ስናገኝ ስንት ያወጣል ብለን ሳይሆን የማን ነው ብለን እንጠይቅ፤ ለባለቤቱም እንመልስ።