ማን ዝጉ አለ?

የጆንያና የገመድ ነጋዴው ሰሚር አስከሬን ጭድ ተራ፣ ከሱቁ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ አልጋው ላይ ተጋድሟል። አተት ገባ ከተባለ ወዲህ መርካቶ ውስጥ ሆዱን ይዞ የቆመ ሰው እንኳ ጎረቤት ይሸሸው ጀምሯልና፣ ሰፈሩ የሞቱን ምክንያት ለመፈለግ አልደከመም። ሰውየው ትናንት ጠዋት አስመለሰው፣ አመሻሹ ላይ ሞተ፤ በቃ አተት ነው። አተት ከሆነ ደግሞ ያበላችው ሴት አለች።

ያበላችው አስያ ናት። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ልጆቿን የምታሳድገው ግቢው በር ላይ ባላት ትንሽ ምግብ ቤት ነው። ረመዳን ገብቶ ስለነበር የሱሁሩን፣ ጾመኛ ሳይነጋ የሚጠጣውን ሾርባ ለሰሚር ቤት የላከችው እሷ ነበረች። ዛሬ በማለዳ በሯ በድንጋይ ተደበደበ፤ ቀጥሎም የክፍለ ከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት ለጥንቃቄ ብሎ ቤቷን አሸገ። መርካቶ ውስጥ በአተት የታሸገ ምግብ ቤት ቢከፈት እንኳ ደንበኛ አይመለስበትም። አስያ ይህን ታውቃለች፤ ያሸገችው ሲስተር ሙሉዬም ታውቃለች።

ሙሉዬ የበሽታ ቅኝት ባለሙያ ናት። ሥራዋ ሲያዩት ቀላል ነው፤ ማን ታመመ፣ ምን በላ፣ ከማን ጋር በላ ብሎ መጠየቅ። ሰዎች የሚቸገሩት እሷ አንዴ ጠይቃ ስለማትተው ነው።

«ሲስተር፣ በአላህ ቶሎ በይ፤ ሬሳ አይቆይም» አላት የሟች ታናሽ ወንድም ሙናዊር። ዐይኑ በልቅሶ አብጧል። ሱቁ አሁን ለእሱ ነው የሚል ሹክሹክታ ከወዲሁ በግቢው ተሰምቷል።

«አውቃለሁ ወንድሜ። ትንሽ ታገሰኝ።»

ጓንቷን አጥልቃ ገባችና የሟችን እጅ አነሳች። አተት የሰውነቱን ውሃ አሟጦ የገደለው ሰው ጣቶቹ ልብስ ሲያጥብ እንደዋለ ይጨማደዳሉ፣ ዐይኑም ይሰረጉዳል። የሰሚር ጣቶች ግን ለስላሳ ነበሩ። ከንፈሩ ደግሞ ጠቁሯል።

ጎንበስ ብላ ከአልጋው ሥር አየች። በረሮዎች በጀርባቸው ተገልብጠው ሞተዋል፤ ጥግ ላይ አንዲት አይጥ ደርቃለች። በግድግዳው በኩል የወረደውን ብርድ ልብስ አንስታ አሸተተችው። የነጭ ሽንኩርት ዓይነት ሽታ አለው። ክሎሪን ሊረጭ ታንኩን አዝሎ በር ላይ የቆመው የሥራ ባልደረባዋ ሊገባ ሲል በእጇ ከለከለችው።

«ቆይ፣ ምንም እንዳትነካ።»

የሟች ሚስት ራዲያ በፊት ለፊቱ ክፍል ተቀምጣለች። ሙሉዬ አጠገቧ ተቀመጠች።

«አላህ ሶብሩን ይስጥሽ እህቴ። ሾርባውን ማን ማን ጠጣ?»

«ሦስታችንም፣ ከአንድ ድስት። ነጭ ሽንኩርት እንደማይስማማኝ እያወቀች ሞልታበት! ክፍሉን ሁሉ አሸተተው።»

«ስትጠጪው የነጭ ሽንኩርቱ ጣዕም ተሰማሽ?»

ራዲያ አሰበች። «አይ። የሸተተኝ ረፋዱ ላይ ነው፤ እሱ ከሱሁር በኋላ ከተኛበት ክፍል።»

«አንቺስ አመመሽ? ሙናዊርስ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ምንም።»

«ሲያስመልሰው ለምን ወደ ጤና ጣቢያ አልወሰዳችሁትም?»

«ልንወስደው ነበር። ከጤና ጥበቃ ታዟል፣ በሩን ዝጉ፣ ማንም እንዳይገባ፣ እሱም እንዳይወጣ ተባልን።»

ሙሉዬ ቀና አለች። «ማን አለ?»

«ሙናዊር ነው የነገረኝ።»

ሙናዊር ከዘበኛው ከአስናቀው ሰማሁ አለ። አስናቀው በሩ ላይ ኮፍያውን በእጁ እያሻሸ ቆሞ አገኘችው።

«ጋሼ ጠሀ ናቸው ሲስተር፣ የእህል መጋዘኑ ባለቤት። ‹በድምፅ ማጉያ ሲለፈፍ አልሰማህም? ሄደህ ዝጉበት በላቸው› አሉኝ። የታዘዝኩትን አደረስኩ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አንዷ ትእዛዝ በሦስት ሰው አፍ ዞራ አንድ በር ዘግታለች። በድምፅ ማጉያው ጭድ ተራን ስትዞር የሰነበተችው ደግሞ ራሷ ሙሉዬ ናት። ድምፅዋ እስኪዘጋ የለፈፈችው «የታመመ ሰው ካለ ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ አምጡ» እያለች ነው። በዚሁ ሳምንት መጋዘኖችን እንደምትፈትሽም ተናግራለች፤ ዝጉ ያለ የጤና ሠራተኛ ግን የለም።

ስትወጣ አስያ ከታሸገው በሯ ፊት ደረጃ ላይ ተቀምጣ አየቻት።

«አንቺው አሸግሽኝ። ደግሞ ምን ቀረሽ?»

«ለሰሚር ቤት ሾርባ ነጭ ሽንኩርት ታደርጊበታለሽ?»

«ራዲያ አይስማማኝም ካለች ወዲህ ወላሂ አድርጌ አላውቅም! ልጆቼም እኮ ከዚያው ድስት ነው የጠጡት። መርዝ ለልጆቼ እሰጣለሁ?»

ሙሉዬ ሳታረጋግጥ ተስፋ መስጠት ስለፈራች ወደ መጋዘኑ አለፈች።

የእህል ነጋዴው የጠሀ መጋዘን ከሟቹ ክፍል የሚለየው በጣውላ ግድግዳ ብቻ ነው። የመስከረም ካፊያ እየወረደ፣ የመጋዘኑ ሁለት በሮች ወለል ብለው ተከፍተዋል። በሩ አጠገብ ያሉት የባቄላ ጆንያዎች ረጥበዋል። ጠሀ ሽበታም፣ በሰፈሩ የተከበረ ሽማግሌ ነው።

«ጋሼ ጠሀ፣ ዝናቡ እህልዎን እየመታው ነው እኮ።»

«ይናፈስ ብዬ ነው የኔ ልጅ።»

«በዝናብ?»

«ያው… ታፍኖ ከረመ።»

ሙሉዬ በጆንያዎቹ መሀል አልፋ ወደ ጣውላው ተጠጋች። ከግድግዳው ሥር፣ እጅ በሚያሾልክ ክፍተት አጠገብ፣ በቁራጭ ወረቀት ላይ አመድ የመሰለ ግራጫ ዱቄት ነበር። አልነካችውም። ወጥታ ፖሊስ እንዲጠራ ላከች።

ሳጅኑ ሲመጣ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አስያም ከደረጃዋ ተነስታ ራቅ ብላ ቆመች።

«ሰሚርን የገደለው አተት አይደለም» አለች ሙሉዬ። «አተት ቢሆን ጣቶቹ ይጨማደዱ ነበር። ከአንድ ድስት የጠጡት ራዲያ፣ ሙናዊርና የአስያ ልጆች ጤነኞች ናቸው። ከሱሁር በኋላ ደግሞ ጾመኛ ነው፤ ምንም አልቀመሰም። በአፉ ካልገባ በምን ገባ? በክፍሉ ውስጥ በረሮውም አይጡም ሞቷል። እነሱ ሾርባ አልጠጡም። የገባው በአየር ነው።»

«የምን አየር?» አለ ሙናዊር።

«የነቀዝ ክኒን። እህል መሀል ሲደረግ እርጥበት ይነካውና ጋዝ ይሆናል። የሚሸተው እንደ ነጭ ሽንኩርት ነው፤ አልቆ የሚቀረው ግራጫ አመድ ነው። ሰው በሚያድርበት ቤት አጠገብ እንዳይደረግ ሕጉ ይከለክላል። አመዱ በጋሼ ጠሀ መጋዘን ውስጥ፣ ከሰሚር አልጋ ጀርባ አለ።»

ሰው ሁሉ ወደ ሽማግሌው ዞረ።

«ይህ ሳምንት ሳያልቅ መጋዘኖቹን እንደምፈትሽ ነግሬያችሁ ነበር። ባቄላው ነቅዞ እንዳይገኝ ከትናንት ወዲያ ማታ ክኒኑን አደረጉ። ጠዋት ሰሚር ማስመለስ ጀመረ። ያኔ ሁሉም አተት ሲል፣ አንድ ሰው ብቻ ምን እንደሆነ ያውቅ ነበር። ‹ከጤና ጥበቃ ታዟል› የሚለው ቃል መነሻው ከእርስዎ ነው። ሲሞት ደግሞ ሽታው እንዲወጣ፣ እህል ዝናብ ይምታው ብለው በርዎን ከፈቱ።»

ጠሀ በመጋዘኑ በር ባለው ጆንያ ላይ ተቀመጠ።

«እንዲሞት አላሰብኩም። ወላሂ አላሰብኩም።»

«ክኒኑን ሲያደርጉ አላሰቡም ጋሼ። በሩን ሲያዘጉ ግን አስበዋል።»

«ሐኪም ካየው ይታወቃል፣ መጋዘኑ ይታሸጋል ብዬ… ጨነቀኝ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ቀላል ይሆንለታል፣ ይተወዋል ብዬ ነበር።»

«የእርስዎ እንዳይታሸግ የእሷ ታሸገ» አለች ሙሉዬ ወደ አስያ እያየች። ንዴቷን መደበቅ አልቻለችም። ሳጅኑ ጠሀን ክንዱን ይዞ አስነሳው፤ አስከሬኑም ለምርመራ ወደ ሆስፒታል እንዲሄድ አዘዘ። ቀብሩን ሲያስቸኩል የነበረው ሙናዊርም ተስማማ።

ራዲያ ወደ ፊት ወጣች።

«‹አየር፣ አየር› ይለኝ ነበር» አለች ማንንም ሳታይ። «በሩን ይደበድብ ነበር። ትኩሳቱ የሚያስለፈልፈው መሰለኝ። ‹ታገስ፣ ታዞ ነው› አልኩት። መቀርቀሪያውን የያዝኩት እኔ ነኝ።»

ሙሉዬ ትከሻዋን ያዝ አደረገቻት። ከዚያም ሄዳ የአስያን በር እሽግ ቀደደችው።

አስያ የተቀደደውን ወረቀት ከመሬት አነሳችው።

«ወረቀቱንስ ቀደድሽው። የሰዉን አፍ በምን ትዘጊልኛለሽ? ከእንግዲህ ከእኔ እጅ ማን ይበላል?»

ሙሉዬ ልትመልስ ስትል ራዲያ ሰዉን እየገፋች መጣች። ጠዋት በዚህ በር ላይ ቆማ አስያን የረገመችው እሷ ነበረች፤ ድንጋይ የወረወሩትም ይህን የሰሙ ጎረቤቶች ናቸው። እነሱ አሁንም እዚያው ቆመዋል። ራዲያ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብላ ተናገረች።

«አስያ፣ የሰሚርን ሰደቃ የምትሠሪው አንቺ ነሽ። ዛሬ፣ ለአፍጥር።»

«እኔ?»

«አንቺ። መጀመሪያ የምቀምሰው እኔ ነኝ።»

ሙናዊር የምግብ ቤቱን በር ገፍቶ ገባና ትልቁን ድስት ተሸክሞ ወጣ። ድንጋይ ከወረወሩት ጎረቤቶች አንዷ የድስቱን ሌላኛውን ጆሮ ያዘችለት።