ጾሙ ካለቀ በኋላ

«ዛሬም ትሪሽን ለእኔ ትተሽ ልትሄጂ ነው?» አለች ብሩክታይት።

«ጾም ጸሎት ላይ ነኝ አልኩሽ እኮ» አለች በእምነት። ምሳዋን ወደ ጓደኛዋ ገፋ አድርጋ ከካፌው ወጣች።

ሁለቱም ሶዶ ላይ ዩኒቨርሲቲ የገቡ ፍሬሽ ተማሪዎች፣ የአንድ ዶርም ልጆች ናቸው፤ ብሩክታይት ከአረካ፣ በእምነት ከሁምቦ። ብሩክታይት ሆዷን ትወዳለች፤ ራሷም አትክድም። ግቢው ሁሉ የሚያማውን የካፌ ሽሮ እንኳ አስጨምራ ነው የምትበላው። ስለዚህ በእምነት የግቢው ክርስቲያን ተማሪዎች ፌሎሺፕ ባወጀው ጾም ስትጸና እያየች፣ «አንቺስ ጎበዝ ነሽ! እኔ እስከ ረፋድም አልችል» እያለች ስታደንቃት ከረመች። ጾመኛን «ለምን አልበላሽም?» የሚል ማን አለ?

ብሩክታይት ከካፌው ስትወጣ የፌሎሺፑን መሪ ጌታሁንን አገኘችው።

«በእምነት ምነው ጠፋች? ከጾሙ ወዲህ አላየናትም» አላት።

«ጾሙ አላለቀም እንዴ?»

«ኧረ ባለፈው እሁድ አብረን በልተን ፈታን እኮ!»

ብሩክታይት እስከዛሬ ያደነቀችው ጾም ሳይሆን ሕመም ኖሯል። በራሷ እየተናደደች ወደ ዶርም ሮጠች።

በእምነት አልጋዋ ላይ ተጠቅልላ ተኝታለች። ብሩክታይት «ዋሸሽኝ» ልትላት ነበር የመጣችው፤ አጥንቱ የወጣ ትከሻዋን ስታይ ግን አንጀቷን በላቻት።

«ጾሙ አልቋል አሉ» አለቻት ቀስ ብላ።

በእምነት ፊቷን ሸፈነች። «አይወርድልኝም፣ ብሩኬ። የሚድ ፈተናውን ውጤት ካየሁ ጀምሮ ጉሮሮዬ እምቢ አለኝ። እንቅልፍም የለኝም። ከሁምቦ ስመጣ እኮ በቤተ ክርስቲያን ጉባኤው ፊት አቁመው፣ እጅ ጭነው፣ ጸልየው ነው የላኩኝ። አሁን ወደቅኩ ልበላቸው?»

«አንድ ሚድ ነው እኮ! እኔንም ማትሱ ጉድ ሠርቶኛል።»

«አንቺ ግን ትበያለሽ።»

በዚህ መሀል የብሩክታይት ስልክ ጮኸ። የበእምነት እናት እትዬ አስካለች ናቸው፤ የልጃቸው ስልክ ዝግ ሲሆንባቸው ወደ እሷ ነው የሚደውሉት። በእምነት ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ «እባክሽ» አለች።

«ሳሮ፣ ሰላም ነሽ ልጄ! በእምነት ደህና ናት? በጾም በርትታለች ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ!»

«አዎ፣ ደህና ናት» ማለት ቀላል ነበር፤ ቃሉ አፏ ላይ ደርሷል። እውነቱን ከተናገረች ደግሞ በእምነት ዳግመኛ ላታናግራት ትችላለች። ብሩክታይት ደግሞ በዚህ ግቢ ከበእምነት የሚበልጥባት ጓደኛ የላትም።

«እትዬ፣ ጾሙስ አልቋል» አለች። «በእምነት ግን አሟታል፤ ምግብ አልወርድ ብሏታል። አሁን ግቢው ክሊኒክ ይዣት ልሄድ ነው። የቀረውን ራሷ ትነግርዎታለች።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የእናትየው ድምፅ ዶርሙን ሞላው። «ኧረ ልጄን! እሷ ብቻ ደህና ትሁንልኝ! ነገ በጠዋት መጣሁ!»

በእምነት ወደ ግድግዳው ዞረች። «ጠላሁሽ» አለች በቀጭን ድምፅ።

«ጥዪኝ። መጀመሪያ ግን ጫማሽን።»

ብሩክታይት ተንበርክካ ብርድ ልብሱን ገለጠችና በአንዱ እግሯ ጫማ አጠለቀችላት፤ ክሩንም አሰረችላት። ሌላኛውን ጫማ በእጇ ይዛ እዚያው እንደተንበረከከች ጠበቀች። አልጎተተቻትም።

ቆይታ ቆይታ፣ በእምነት ሁለተኛውን እግሯን ዘረጋችላት።