አባቴን የተጫወትኩ ዕለት

እንዲህ ያለ የመንፈስ ወሬ ሲነሳ ቀድሞ የሚስቀው እኔ ነበርኩ፣ ሠላሳ ዓመት ቲያትር ቤት ስኖር ስንቱን መንፈስ በገመድ አውርጄዋለሁ መሰላችሁ፣ ጭሱንም ጩኸቱንም ከመጋረጃ ጀርባ የምንሠራው እኛው ነን። ይሄን ግን እኔ አልሠራሁትም፣ እመኑኝ።

የምታውቁኝ በሽማግሌነቴ ነው። ገና በሃያ አራት ዓመቴ ፀጉሬ ላይ ዱቄት ነስንሰው የሙሽራ አባት አደረጉኝ፣ ከዚያ ወዲህ አንዴ ዳኛ አንዴ ዘበኛ እየሆንኩ፣ በመድረክም በፊልምም ዋናውን ገጸ ባሕርይ ሳልጫወት በእውነትም ሸመገልኩ። ሰው የሚወድልኝ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ካፖርቴን ሰብሰብ አድርጌ፣ ከመናገሬ በፊት መሬት መሬቱን ቆየት ብዬ ሳይ ነው። ያ ሁሉ የአባቴ ነው፣ ዳባት አጠገብ ያርስ የነበረው የገበሬው አባቴ፣ አንዲቷም የኔ አይደለችም። ታዲያ አንድ ጊዜ በቴሌቪዥን "ይሄን ሽማግሌ ከማን ተማርከው?" ሲሉኝ "ከማንም፣ የራሴ ፈጠራ ነው" አልኩ። ምላሴን በቆረጠው! ለካ አባቴ ያን ቀን ደባርቅ ወጥቶ ሻይ ቤት ተቀምጦ ያየኝ ነበር። ከዚያ በኋላ አገር ቤት ስሄድ ከሰላምታ ያለፈ ቃል አልወጣውም።

ሲሞት ቀረጻ ላይ ነበርኩ፣ የፊልሙ ሰዎች ሥራው እንዳይስተጓጎል ብለው ደብቀውኝ መርዶውን ከተቀበረ ከሳምንት በኋላ ነገሩኝ። እንደደረስኩ ባገራችን ወግ ልብሱ ወጥቶ ለቅሶው እንደ አዲስ ተጀመረ። ጠዋት ነው፣ ጉሙ ደጁን ሸፍኖታል። ታላቅ እህቴ ካፖርቱንና ዱላውን ይዛ እያለቀሰች ስትዞር ቆየችና ድንገት መጥታ፣

"አንተ፣ ሥራህ አይደል? እስቲ ልበሰውና አንዴ አሳየን" አለችኝ።

የሞተ ሰው ልብስ በእጅ ተይዞ ይለቀስበታል እንጂ አይለበስም፣ ሽማግሌዎቹም አጉረመረሙ። እኔ ግን ለበስኩት። ይቅርታ የምጠይቀው በዚህ መሰለኝ።

ጉሮሮዬን ስጠርግ ለቅሶው ቀጥ አለ። ዝም ብዬ ልቀመጥ ነበር ያሰብኩት፣ አፌ ግን "ያቺ ጊደር ወለደች ወይ?" አለ። ወይ ጉድ! እኔ ስለዚያች ጊደር የማውቀው ነገር የለም።

"ትናንት ወለደች፣ አንቱ" አለች እናቴ፣ ምንም ሳትደነግጥ።

"እንገሩን ለጥጃው ተዉለት።"

"እሺ። ለልጁስ ምን ልበለው?"

ልጁ እኔ ነኝ። ከራሴ አፍ የሚወጣውን እንደ ሌላ ሰው ጠበቅኩት፣ ምንም የለም። "ምሬዋለሁ" ብዬ መጫወት እችል ነበር እኮ፣ እንጀራዬ ነው፣ እናቴም ታምነኝ ነበር፣ አፌ ግን አልከፈት አለ። ካፖርቱን ሲያወልቁልኝ እንደ ሕፃን አለቅስ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሽማግሌ መጫወት ትቻለሁ። እናቴ ግን በየእሑዱ ትደውላለች፣ ደኅንነቴን ትጠይቀኝና ትንሽ ቆይታ "እስቲ ለሳቸው ስጥልኝ" ትለኛለች። ምን ላድርግ፣ ስልኩን ራቅ አድርጌ ዝም እላለሁ። እሷ ግን ከወዲያ "እሺ... እሺ፣ አንቱ... ስለ ልጁስ?" ስትል ይሰማኛል።

"ምን አሉሽ፣ እማ?" እላታለሁ።

"ገና ነው፣ ልጄ" ትለኛለች።