አንቱ ያለ ቆብ ይደፋል

የገሊላ አባት አቶ ኃይለመስቀልና አቶ ኪዳነወልድ መኳረፋቸው የሚታወቀው ስለሚሰዳደቡ አይደለም፤ ስለሚከባበሩ ነው። ሁለቱም ፈላና በር አካባቢ ኳስ ሲያሯሩጡ ያደጉ ጓደኛሞች ናቸው። አቶ ኃይለመስቀል ለሊቀመንበርነት በተወዳደሩበት የእድር ምርጫ አቶ ኪዳነወልድ ለሌላ ሰው እጃቸውን ካወጡ ወዲህ ግን «እንዴት ዋሉ?»፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ?» ተባብለው ይተላለፋሉ። አንተ መባባል በሚቀልበት በሐረር አብሮ አደግን አንቱ ማለት ፊቱ ላይ በር መዝጋት ነው።

ገሊላ ለዚህ ኩርፊያ ደንታ አልነበራትም፤ ኒቆዲሞስን እስክታገኝ ድረስ።

እሷ የድግስ አዳራሽ ታስጌጣለች፤ እሱ ድምፅ ማጉያ ያከራያል። የተገናኙት አንድ የምርቃት ድግስ ላይ ነው። እንግዳው ሁሉ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። ኒቆዲሞስ ማይኩን አቀበላት።

«እስቲ አንድ ነገር በያቸው። ለቅሶ ቤት አስመሰሉት እኮ።»

«የኔ ሥራ ፊኛ መንፋት ነው።»

«እሱንማ ከጠዋት ጀምሮ ሳይሽ ነበር።»

ቀና ብላ አየችው። ዓይኑን አልሰበረም። እሷም ልትቆጣ አስባ ሳቀች፤ ከዚያ ቀን በኋላ የሚያስጌጡትም የሚያደምቁትም አብረው ሆነ።

ድሬዳዋ አክስቱ ዘንድ ስላደገ አላወቀችውም ነበር። የአባቱን ስም ሲነግራት ሻይዋን ሳትጨርስ አስቀመጠችው።

«የኪዳነወልድን ሽማግሌ አባዬ ከደጅ ነው የሚመልሰው» አለችው።

«ታዲያ ለምን አንጠፋም? ድሬ ሥራ አላጣም።»

«አቦ ተወኝ! ተደብቄ አላገባም። አባቴ መርቆ ነው የሚድረኝ። አንድ ጊዜ ብቻ አንተ ይባባሉልኝ።»

«ማን ያስብላቸዋል?»

«እኔ። በጨዋታ።»

ጨዋታው አንድ ሕግ ብቻ ነበረው፤ ማይክ የያዘ ሰው አጠገቡ የተቀመጠውን ይጠይቃል፣ አንቱ ያለ የልደት ቆብ ይደፋል። መጀመሪያ ጓደኞቻቸው ላይ ሞከሩት። ማንም አልተሳሳተም፤ ማንም አልሳቀም።

«ይሄ ነገር አይሆንም» አለ ኒቆዲሞስ።

«የሚሆነው አንቱ የሚባባሉ ሰዎች ሲጫወቱት ነው» አለችና ቆቦቹን ሰብስባ ያዘች።

እማማ እልፍነሽ ሰማንያ ሲሞላቸው ልጆቻቸው ድግስ አሰናዱ። ሁለቱንም አኩራፊዎች በሕፃንነታቸው ያዘሉ ሴት ናቸውና ማንም ሊቀር አይችልም። አዳራሹን የምታስጌጠው ገሊላ ነች፤ ወንበሩንም የምትደረድረው እሷው። አባቷንና አቶ ኪዳነወልድን ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው።

ገሊላ የጨዋታውን ሕግ ለእንግዶቹ ተናገረች፤ ማይኩም እየዞረ አቶ ኪዳነወልድ ዘንድ ደረሰ።

«አቶ ኃይለመስቀል፣ እርስዎ...»

ገሊላ ቆብ ደፋችባቸው።

«ማለቴ፣ ጤናዎ...»

ሁለተኛው በመጀመሪያው ላይ ተደረበ። አዳራሹ መንጫጫት ጀመረ።

«እማማ፣ እንግዲህ እርስዎ ይፍረዱኝ!»

ሦስተኛው። አቶ ኃይለመስቀል ከንፈራቸውን ነክሰው ጣሪያ ጣሪያውን ሲያዩ ቆዩ፤ ትከሻቸው ግን ይርገፈገፍ ነበር።

«አንተ ኪዳኔ» አሉ በመጨረሻ፣ «ምን ትመስላለህ?»

«አንተ በረኛ ሆነህ ጎል ሲገባብህ የምትመስለውን!»

እማማ እልፍነሽ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ገሊላ ኒቆዲሞስን ፈለገችው። ከድምፅ ማጉያው ኋላ ሆኖ እሷን እንጂ ሽማግሌዎቹን አያይም ነበር። እንደምትወደው ያን ጊዜ ያለ ጥርጥር አወቀች።

ሲወጡ ግን አቶ ኪዳነወልድ ቆቦቹን አውልቀው «ደኅና ይሁኑ» አሉ። «እርስዎም» አሉ አባቷ።

«አየሽ?» አለ ኒቆዲሞስ ቀስ ብሎ።

«አይቻለሁ። እሑድ ሽማግሌ ላክ።»

«ገሊላ፣ እንቢ ካሉስ?»

«ሌላ ጨዋታ እፈጥራለሁ። አንተ ላክ ብቻ።»

እሑድ ጠዋት አቶ ኪዳነወልድ ነጠላቸውን አጣፍተው ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። ልማዱ ነውና መልስ ሳያገኙ አልተቀመጡም። ገሊላ ከመጋረጃው ኋላ ቆማ ታዳምጣለች።

«አቶ ኃይለመስቀል፣ የመጣነው... ልጅዎን ለልጄ እንዲሰጡኝ ነው» አሉ።

አባቷ መሬት መሬት አዩ። አንደኛው ሽማግሌ ተስፋ ቆርጠው ወደ በሩ ዞር አሉ።

«ገሊላ!» ብለው ተጣሩ አባቷ።

«አቤት፣ አባዬ።»

«እነዚያ ቆቦች አሉ?»

«አሉ።»

«አንድ አምጪልኝ። ይሄ ሰውዬ ልጄን ሊጠይቅ መጥቶ አንቱ አለኝ።»

ቆቡን በገዛ እጃቸው አቶ ኪዳነወልድ ላይ ደፉና ላስቲኩን አገጫቸው ሥር አስተካከሉላቸው።

«በል አሁን ተቀመጥ» አሏቸው።