ክቡ በጭቃ ላይ

«ወጥመዱ ትንሽ አይመስልሽም፣ እኅቴ?» አለ ደምሳሽ።

ሐመልማል በናሆ ሐይቅ ዳር ተንበርክካ ከነጭ ሣር የተገመደውን ክብ መሬት ላይ እያነጠፈች ነበር። ወጥመድ አልነበረም። የኤላር መንግሥት ተማሪዎች ሕይወት ያለውን ሁሉ የሚመረምሩበት መሣሪያ ነው፤ ክቡን አንጥፎ በጸጥታ የተቀመጠ ሰው፣ በውስጡ ያለው ነገር ማን ማንን እንደሚመግብ በብርሃን ክር ተያይዞ ይታየዋል። ይህን ልትነግረው አሰበች። ነገር ግን ደምሳሽ የንጉሡ ጦረኛ ነው፤ በዕድሜም አባቷ ይሆናል። እሷ ደግሞ ስሟ በክፍል ውስጥ ሲጠራ እንኳ አንገቷን የምትደፋ ልጅ ናት።

«ይበቃል» አለች።

እሱም ፈገግ ብሎ፣ ሊገድለው የመጣው የረግረግ አውሬ፣ ዶርባው፣ አንድ እግሩን ብቻ ያስገባ እንጂ የቀረው የጦሩ ሥራ መሆኑን ነገራት። በክቡ ውስጥ ግን በዚያ ጠዋት አንድም ክር አልበራም።

ናሆ ከጥንት ጀምሮ ሲመሽ ከሥሩ እንደ ፋኖስ የሚያበራ ሐይቅ ነበር። ክረምቱ ሲወጣ ብርሃኑ ድንገት ጠፋ፤ ሲነጋም ዓሣው ሁሉ ሆዱን ወደ ሰማይ ገልብጦ ተንሳፈፈ። ውኃውን የጠጡ ሕፃናት ታመሙ፤ የደምሳሽ ልጅም ከእነሱ አንዷ ነበረች። የቤተ መንግሥቱ ጠንቋዮች፣ በላይኛው ረግረግ የቀረው የመጨረሻው ዶርባ ውኃውን እንደመረዘው፣ ልቡ ተቆርጦ ሐይቁ ውስጥ ካልተጣለም ብርሃኑ እንደማይመለስ ተናገሩ። ደምሳሽ በንጉሥ አስጋድ ፊት ጦሩን ተክሎ ማለ፦ «የዶርባውን ልብ ሳልይዝ ብመለስ፣ የልጄ እጅ ውኃ አያቀብለኝ!»

የትምህርት ቤቱ መምህር የኔታ ኅሩይ ግን ከመግደል በፊት ምርመራ ይቅደም ብለው ለመኑ። ንጉሡም ሳይወዱ ፈቀዱ፤ ከጦረኛው ጋር አንድ ተማሪ ይሂድ ተባለ። ሌሎቹ እያመካኙ ቀሩ። ሐመልማል ሄደች፤ እምቢ ለማለትም መናገር ያስፈልጋልና።

ወንዙን ተከትለው ሽቅብ ወጡ። በየማረፊያው ክቡን ታነጥፋለች፤ ደምሳሽም ጦሩን አነጣጥሮ አጠገቧ ያደባል። ዝም ማለት ስለማይሆንለት ክሮቹን አንድ ጊዜም አላያቸውም። አውሬው ሳይመጣ የቀረው ወይ ብልህ ሆኖ ነው፣ ወይ የእሱ የእግር ሽታ ደርሶት ነው እያለ ይቀልዳል። ስለ ልጁም ያወራል፤ የፊት ጥርሷ ከወለቀ ወዲህ ማፏጨት አቅቷት እንደተናደደች፣ ከታመመች ወዲህ ግን መናደዱንም እንደተወችው። ሐመልማል በየቀኑ እውነቱን ልትነግረው ትነሣለች፤ በየቀኑም ይከብዳታል። እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልሽ ቢላት ምን ትመልሳለች?

ረግረጉ ላይ ሲደርሱ ረግረግ አልነበረም። የንጉሡ አባት በላይ በኩል ግድብ ሠርተው ውኃውን ወደ ቤተ መንግሥቱ የፍራፍሬ ቦታ አዙረውት ነበር፤ ከግድቡ በታች ያለው መሬት ተሰነጣጥቋል። እርጥብ ሆኖ የቀረው ዶርባው ያለበት ሥፍራ ብቻ ነው። አውሬው ጎጆ ያክላል፤ ጀርባው ላይ ቄጠማ በቅሎበታል። እንደ ማረሻ በሾለ አፍንጫው መሬቱን እየፈለፈለ ቦይ ይከፍታል፤ ከግድቡ ሥር የሚያዣው ጥቂት ውኃም በቦዩ ይከተለዋል።

በትምህርት ቤቱ ልማድ ነጩ ክብ ጭቃ አይነካውም፤ የተቀደሰ ነው። ስለዚህ ይህን ያህል ዘመን ረግረጉን የመረመረ ተማሪ አልነበረም። ሐመልማል ግን ክቡን ጭቃው ላይ አነጠፈችው።

ክሮቹ በሩ። ከትሉ ወደ ቄጠማው ሥር፣ ከቄጠማው ወደ ዓሣው ጫጩት፣ ከዓሣው ወደ ወፉ ተሳሰሩ፤ ከሁሉ የወፈረው ክር ደግሞ በዶርባው ቦይ አድርጎ ቁልቁል ወደ ናሆ ወረደ። ውኃው የሚጣራው እዚህ ነበር። ዶርባው መርዛማ አልነበረም፤ ሌሎቹ ዶርባዎች ካለቁ ወዲህ ሐይቁን በሕይወት ለማቆየት የሚደክም እሱ ብቻ ቀርቶ ነበር። ብርሃኑ ስቦት ነው መሰል፣ እንስሳው ቀስ ብሎ ቀረበና የፊት እግሩን ክቡ ውስጥ አስገባ።

«ጋሽ ደምሳሽ፣ ይተዉት» አለች። ድምጿ ከራሷ ጆሮ አላለፈም። ጦሩ ተወርውሮ ነበር።

ዶርባው ብዙም አልታገለም። ደምሳሽ ልቡን ለማውጣት ተንበረከከ፤ ከዚያ ግን ዓይኑን ባየ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ። ክሮቹም ታዩት። አንድ በአንድ ሲጠፉ አየ።

ሐመልማል ሁሉንም ነገረችው፤ ክቡ ምን እንደሆነ፣ ምን እንዳየችበት፣ ስንት ጊዜ ልትናገር ብላ እንደተወችው። አልተቆጣትም። «ቀድመሽ ብትነግሪኝ…» ብሎ ጀመረና ተወው። ቢላዋውን ወደ አፎቱ መልሶ፣ ሐይቁ ይድን ዘንድ ምን እንደሚያስፈልግ ጠየቃት። ግድቡ መከፈት አለበት አለችው። የመዝጊያው ግንድ የሚነቀለው ከታች፣ ውኃው በሚወጣበት አፍ ላይ ተቁሞ ብቻ ነው። የነቀለው ሰው የሚሸሽበት ቦታ የለውም።

«እኔ ልግባ» አለች።

«ግንዱ ከአንቺ ይከብዳል» አለ። ሊቀልድ ሞክሮ አልሆነለትም። «ለልጄ ንገሪያት። ጮክ ብለሽ ንገሪያት፤ ከታመመች ወዲህ ጆሮዋ ደክሟል።»

ውኃው እየጮኸ ወረደ። ሐመልማል ከወንዙ ዳር ጦሩን አገኘች፤ እሱን አላገኘችውም።

የናሆ ብርሃን ደብዝዞ ተመለሰ። ከታመሙት ሕፃናት ጥቂቶች ዳኑ፤ የደምሳሽ ልጅ ከዳኑት ውስጥ ነበረች። በከተማው ግን የዶርባውን ልብ አመጣ ስለተባለው ጀግና ይዘፈን ጀመር። ሐመልማል ከልጅቷ አልጋ አጠገብ ተቀምጣ የሆነውን ሁሉ፣ የራሷን ዝምታ ሳትደብቅ፣ ጎረቤት እስኪሰማ ጮክ ብላ ነገረቻት። ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በሚቀጥለው በጋ ቦዮቹ በደለል ተሞሉ፤ ብርሃኑም እንደገና መድከም ጀመረ። የትምህርት ቤቱ ተማሪዎች አካፋና ዶማ ይዘው ወደ ረግረጉ ወጡ፤ ዶርባው ይቆፍረው የነበረውንም መቆፈር ጀመሩ።