ጭቃ ያልነካው ምርኩዝ

ፋንታሁን ከቤቱ ጓሮ ካለው ገደል ሥር፣ በአንገረብ ወንዝ ዳር ሞቶ ተገኘ። ምርኩዙ ከጎኑ ተጋድሟል። መርማሪው ሻምበል ዳኛው መጀመሪያ ያነሣው ምርኩዙን ነበር። ሌሊቱን ዘንቦ መንገዱ ሁሉ ጭቃ ሆኖ ሳለ፣ የምርኩዙ ጫፍ ንጹሕ ነው።

ጎንደር ጣሊያን ከወጣ ወዲህ እንደ ፋንታሁን የሚሮጥ ኳስ ተጫዋች አላየችም። አምና በልምምድ ላይ ጓደኛው ማሩ ገጭቶት የጉልበቱ ሎሚ ወለቀ። ከዚያ ወዲህ ያ ሳቂታ ልጅ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የሚተኛ ሆነ። የሰው አፍ መቼ ያርፋል! ገሚሱ «ማሩ ገፍቶት ነው»፣ ገሚሱ «ራሱን ጥሎ ነው» ይላል። ራሱን ከገደለ ደግሞ ፍትሐት የለውም፤ አባ ወልደ ዮሐንስ የሻምበሉን ቃል ይጠብቃሉ።

የሟቹ ጉልበት በጨርቅ ታስሮ ስላገኘው፣ ሻምበሉ ወጌሻውን አስጠራ።

«አያ ሐብተ ማርያም፣ ይህን ጉልበት ያሰሩት እርስዎ ነዎት?»

«የኔ እጅ አይደለም። እኔ እንዳይታጠፍ ቀርከሃ ደግፌ ነው የማስረው። ይኸማ እንዲታጠፍ ተብሎ የታሰረ ነው። ምነው፣ ሊሮጥ ኖሯል?»

ሻምበሉ ከገደሉ በላይ ያለውን ዱካ ሲመረምር ቆይቶ፣ ሁሉንም በሟች እናት በወይዘሮ እንኳየሁ ደጅ ሰበሰበ።

«ይህ ምርኩዝ መሬት አልረገጠም፤ ከቤት በእጅ የመጣ ነው። እማማ፣ ልጅዎን ቀድመው ያገኙት እርስዎ ነዎት።»

ወይዘሮ እንኳየሁ መሬት ላይ ተቀመጡ። «እኔው ነኝ፣ ጌታዬ። ‹እግሬ ካልሮጠ መኖሬ ለምኔ› ይለኝ ነበር። ከኪዳን ስመለስ አልጋው ባዶ ነው፤ ምርኩዙ ቀርቷል። ከገደሉ ሥር ሳገኘው ራሱን የጣለ መሰለኝ። ከሞቱ አሟሟቱ! በምርኩዝ ሲሄድ አዳልጦት ነው ብለው እንዲፈቱልኝ ከጎኑ አኖርሁት።»

«ራሱን አልጣለም። ዱካው የተራራቀ ነው፤ እየሮጠ ነበር። በዝናብ የራሰው አፋፍ ተንዶ ይዞት ወረደ። ከኋላው የሌላ ሯጭ ዱካ አለ፤ እሱ ግን ከአፋፉ ርቆ ቆሟል። ስለዚህ የገፋው የለም። ጉልበቱን እንዲህ የሚያስረው ደግሞ ኳስ ተጫዋች ነው። ማሩ!»

ማሩ በእናትየዋ እግር ላይ ወደቀ። «እርስዎ ኪዳን ሲሄዱ አብረን እንለማመድ ነበር። ሲድን ድንገት ሮጦ ሊያሳይዎት ነበር። ወርጄ አየሁት፤ ትንፋሽ አልነበረውም። ‹ጉልበቱን የሰበረው እሱ፣ የገደለውም እሱ› እንዳልባል ፈርቼ ሸሸሁ።»

«ፍትሐቱ ይጀመር» አሉ አባ ወልደ ዮሐንስ።

ወይዘሮ እንኳየሁ አልተነሡም። የማሩን እጅ ይዘው ጠየቁት።

«አሯሯጡስ እንዴት ነበር፣ ልጄ?»

«ሸጋ ነበር፣ እማማ። ልደርስበት አልቻልሁም።»